ጸሐፊውን ወደ ረቂቁ የሚመልስ ወርክሾፕ

የፈጠራ ጽሑፍ ወርክሾፕ ጸሐፊዎች ረቂቃቸውን አምጥተው አስተያየት የሚለዋወጡበት ስብስብ ነው፤ መሳካቱ ግን በመዝጊያው ቀን አይታወቅም። በዚያ ቀን ሁሉም ይመሰጋገናል፣ ስልክ ይለዋወጣል፣ እንገናኝ ተባብሎ ይለያያል። ቁም ነገሩ የሚለየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው። ተሳታፊው ያን ሁሉ አስተያየት የተሰጠበትን ረቂቅ መልሶ ከፍቶታል ወይስ ረቂቁ እንደተቀመጠ ቀርቷል? ሳይከፍተው የሚቀረው ሰው ጥቂት አይደለም። ችሎታ ስላነሰው ብቻም አይደለም። አንዳንዱ በአንድ ምሽት የአሥር ሰው እርማት ተጭኖበት የራሱ ሐሳብ የጠፋበት ነው። ሌላው «ደስ ይላል፣ ቀጥልበት» ብቻ ተብሎ ምኑን እንደሚቀጥል ያላወቀ ነው።

ስለ ደጋፊ ወርክሾፕ ሲነሳ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከተሳሳተ ጫፍ ይያዛል። አንዱ ወገን ጸሐፊ በጠንካራ ሂስ ካልተፈተነ አያድግም ይላል። ሌላው ጀማሪ መበረታታት እንጂ መተቸት የለበትም ይላል። ሁለቱም ድጋፍን ከማቆላመጥ ጋር ያምታቱታል። ድጋፍ የአሠራር ጉዳይ ነው፤ ስለ ጽሑፉ ማን፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል፣ ስለ የትኛው ክፍል ይናገራል የሚለውን የሚወስን ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ከተበላሸ ደግ ሰዎች የሰበሰቡት ወርክሾፕም ጸሐፊን ያስቀራል። ሥርዓቱ ከተያዘ ግን በጣም የሚያም አስተያየት እንኳ ሥራ ላይ ይውላል። ይህን ሥርዓት የሚዘረጋውና የሚጠብቀው አመቻቹ፣ ማለትም ወርክሾፑን የሚመራው ሰው ስለሆነ፣ የወርክሾፕ ዋጋ በአብዛኛው የአመቻቹ ሥራ ዋጋ ነው።

የዝምታው ደንብ ከየት መጣ፣ ምንስ ያበላሻል?

ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታወቀው የወርክሾፕ መልክ ከዩኒቨርሲቲ የተቀዳ ነው። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) በአሜሪካ የሚገኘው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ በ1922 የፈጠራ ሥራን ለከፍተኛ ዲግሪ ማሟያነት እንደሚቀበል አስታወቀ፤ በ1936 ደግሞ የጸሐፊዎች ወርክሾፑን አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው አካሄድ ይህን ይመስላል፦ ጽሑፉ አስቀድሞ ይታደላል፣ ሁሉም አንብቦ ይመጣል፣ በውይይቱ ጊዜ ደራሲው ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ በመጨረሻ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል።

ዝምታው ምክንያት አለው። መጽሐፍ ሲታተም ደራሲው ከአንባቢው አጠገብ ቆሞ «እዚህ ጋ ለማለት የፈለግኩት…» እያለ ሊያብራራ አይችልም። ስለዚህ ጽሑፉ ብቻውን ይቁም፣ የት እንደሚያደናቅፍም ይታይ ነው ሐሳቡ። የበሰለ ጸሐፊ ከዚህ ብዙ ያተርፋል። ጀማሪ ላይ ግን ሁለት ነገር ይበላሻል። የመጀመሪያው፣ በውይይቱ ሁለተኛ ደቂቃ ላይ የተፈጠረ አለመግባባት ሳይታረም ለሃያ ደቂቃ ይዘልቃል። ተራኪዋ የ12 ዓመት ልጅ ሆና ሳለ አንባቢዎች አሮጊት መስለዋቸው ከሆነ፣ ያ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው፤ ግን ለግኝቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የቀረው ጊዜ ስለሌለች አሮጊት ሲወራ ያልቃል። ሁለተኛውና የባሰው፣ ደራሲው ምን ማወቅ እንደሚፈልግ የሚጠይቀው የለም። ስለ መጨረሻው ትዕይንት እንቅልፍ ያጣ ሰው ስለ ርዕሱ ሲከራከሩ ሰምቶ ይሄዳል።

አስተያየት በራሱ ይጠቅማል የሚለው እምነትም በጥናት ሲፈተሽ ሙሉ በሙሉ አይጸናም። አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1996 ባሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ትንተና፣ አስተያየት በአማካይ የሰዎችን ሥራ ሲያሻሽል፣ ከአንድ ሦስተኛ በላይ በሆኑት ሁኔታዎች ግን ሥራው ከበፊቱ እንዲያንስ አድርጓል። ማብራሪያቸው ለወርክሾፕ በቀጥታ ይሠራል፤ የሰውየው ትኩረት ከሥራው ወጥቶ ወደ ራሱ ማንነት በሄደ መጠን የአስተያየቱ ጥቅም ይቀንሳል። «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ማን እንደሚናገር ጠፋኝ» የሚለው አስተያየት ትኩረቱን ጽሑፉ ላይ ያቆየዋል። «ምልልስ ላይ ደካማ ነህ» የሚለው ደግሞ ሰውየውን ራሱን እንዲመረምር ይልከዋል። አስገራሚው ነገር «ተሰጥኦ አለሽ» የሚለው ውዳሴም ወደዚያው መላኩ ነው። ትኩረቱ ከወረቀቱ ላይ ተነስቷልና።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ጥናት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የቴሬሳ አማቢሌ ነው። በ1985 ባሳተመችው ሙከራ በፈጠራ ጽሑፍ የሚሳተፉ 72 ወጣቶች ግጥም ጻፉ። ከዚያ አንዱ ቡድን ለጽሑፍ ካለው ፍቅር የሚመነጩ ምክንያቶችን፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዝናና ገንዘብ ያሉ የውጭ ምክንያቶችን በደረጃ እንዲያስቀምጥ ተደረገ፤ ሦስተኛው ቡድን ስለ ምክንያት አልተጠየቀም። ቀጥሎ ሁሉም ሌላ ግጥም ጻፉ። ስለ ውጭ ምክንያት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያሰቡት የጻፉት ሁለተኛ ግጥም በገጣሚያን ዳኞች ዘንድ የፈጠራ ብቃቱ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። አንድ መጠይቅ ይህን ካደረገ፣ በየሳምንቱ ስለ ሽልማትና ስለ አሳታሚ የሚወራበት ክፍል ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። ስለ ኅትመት ማውራት ነውር አይደለም። ግን አዲስ ጽሑፍ በሚጻፍበት ሰዓት አይሁን፤ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ ይመደብለት።

ሌሎቹ መንገዶች

ከዝምታው ደንብ ሌላ የተፈተኑ አካሄዶች አሉ፤ ደጋፊ ወርክሾፕ የሚያዘጋጅ ሰው ቢያንስ ሦስቱን ማወቅ ይኖርበታል።

አሜሪካዊው የጽሑፍ መምህር ፒተር ኤልቦው በ1973 ያቀረበው አካሄድ መምህር የሌለው ክፍል ነው። ከ7 እስከ 12 ሰው በየሳምንቱ ይገናኛል፤ አንባቢው ደግሞ ዳኛ መሆኑ ይቀርና ምስክር ይሆናል። እያነበበ ሳለ በውስጡ የሆነውን ነው የሚናገረው። «እዚህ ጋ ሳቅሁ፣ እዚህ ጋ አባትየውን ተጠራጠርኩት፣ ከዚህ በኋላ ሐሳቤ ሄደ።» ይህን ዓይነቱን አስተያየት ማንም ሊሞግተው አይችልም። ሰውየው ሐሳቡ ከሄደ ሄዷል። ደራሲውም መከላከል አያስፈልገውም፤ ሐሳቡ የሄደበትን ቦታ ምልክት አድርጎ ያልፋል።

ጸሐፊዋ ፓት ሽናይደር በ1981 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ አምኸርስት ከተማ የጀመረችው አካሄድ ትኩረቱ አዲስ በተወለደ ጽሑፍ ላይ ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ የተጻፈ ነገር ሲነበብ ማንም አይተቸውም፤ የሚነገረው የወደዱትና አእምሯቸው ውስጥ የቀረው ብቻ ነው። ሁሉም ጽሑፍ እንደ ልቦለድ ይቆጠራል፤ ስለዚህ «አንቺ» አይባልም፣ «ተራኪዋ» ይባላል። የተነበበው ከክፍሉ አይወጣም። አመቻቹም ከቡድኑ ጋር ይጽፋል፣ ያልታረመውን የራሱን ጽሑፍም ያነባል። ይህ የመጨረሻው ደንብ ቀላል ይመስላል፣ ግን የክፍሉን አየር ከማናቸውም በላይ ይለውጣል። ተሳታፊው ልምድ ያለው ሰው የመጀመሪያ ረቂቅ ምን ያህል እንደሚዘበራረቅ በጆሮው ይሰማል።

ሦስተኛው ከዳንስ ዓለም የመጣ ነው። የዳንስ ቀማሪዋ ሊዝ ለርማን በ1990 ያዘጋጀችው የሂስ አካሄድ አራት ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ ተሳታፊዎች በሥራው ውስጥ ትርጉም የሰጣቸውን፣ የነካቸውን፣ አእምሯቸው ውስጥ የቀረውን ይናገራሉ። ከዚያ ደራሲው ይጠይቃል፣ እነሱ ይመልሳሉ። ሦስተኛ፣ ተሳታፊዎች አስተያየት ያልተደበቀበት ጥያቄ ለደራሲው ያቀርባሉ። በመጨረሻም አስተያየት ያለው ሰው ስለ ምን እንደሆነ ተናግሮ ፈቃድ ይጠይቃል፦ «ስለ ምልልሱ አስተያየት አለኝ፣ ልስጥ?» ደራሲው አልፈልግም የማለት መብት አለው።

ከአራቱ ደረጃዎች የሚከብደው ሦስተኛው ነው። ሰው ጥያቄ እየጠየቀ ሳይታወቀው ይፈርዳል። «መጨረሻው በጣም ድንገተኛ አልሆነም?» ጥያቄ ይምሰል እንጂ ፍርድ ነው። ገለልተኛው «ታሪኩን እዚህ ጋ ስታቆመው አንባቢው በምን ስሜት እንዲዘጋው አስበህ ነው?» የሚለው ነው። «አባትየው ለምን እንዲህ ጨካኝ ሆነ?» ከማለት «አንባቢው ስለ አባትየው ምን እንዲሰማው ትፈልጋለህ?» ማለት ይሻላል። የሁለቱ ልዩነት የጨዋነት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ደራሲውን ወደ መከላከል ይገፋዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ አስቦበት የማያውቀውን ነገር ጮክ ብሎ እንዲያስብ ያደርገዋል። መልሱን እየሰጠ ሳለ «አሃ፣ ይህን እኮ ጽሑፉ ውስጥ አላስገባሁትም» የሚለው ራሱ ነው። አመቻቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፍርድ የተደበቀባቸውን ጥያቄዎች እያስቆመ ሌላ መልክ ማስያዝ ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ ቡድኑ ራሱ ይለምደዋል።

እኛ የምንመክረው ሦስቱን በየቦታቸው መጠቀም ነው። በክፍል ውስጥ ለተጻፈ ትኩስ ጽሑፍ የሽናይደርን፣ ለመጀመሪያ ረቂቅ የኤልቦውን ምስክርነት፣ ለታረመ ረቂቅ የለርማንን። የአዮዋው ዓይነት ዝምታ ደግሞ ሊታተም ለተቃረበ ሥራ፣ ደራሲው ራሱ ከጠየቀ ብቻ።

የአሥር ሳምንቱ ንድፍ

ለስምንት ሰዎች የሚሆን ንድፍ እንውሰድ። ስምንት የሚመረጠው ሁሉም የመናገሪያ ተራ ስለሚያገኝበትና ሁለት ሰው ቢቀርም ውይይቱ ስለማይሞት ነው። ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ግማሹ ታዳሚ ይሆናል፤ ከአምስት ካነሰ ደግሞ የአንድ ሰው ጣዕም ክፍሉን ይገዛል።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ሂስ የሌለበት ነው፤ ደንቡ ይነገራል፣ አብሮ ይጻፋል፣ አስተያየት አሰጣጥ ደግሞ ከመካከላቸው የማንም ባልሆነ ጽሑፍ ላይ ይለመዳል። ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት በየጊዜው የሁለት ሰው ረቂቅ ይታያል። ከስድስተኛው እስከ ዘጠነኛው እነዚያው ስምንት ረቂቆች ታርመው ይመለሳሉ። አሥረኛው የመዝጊያ ንባብ ነው።

የዚህ ንድፍ ልብ ሁለተኛው ዙር ነው፤ ብዙ ወርክሾፖች የሚስቱትም እሱን ነው። አብዛኛው ወርክሾፕ በሁለተኛው ዙር አዲስ ጽሑፍ ያስመጣል። እንዲህ ሲሆን አስተያየቱ ሠርቶ እንደሆነ ማንም አያይም። አስተያየት ሰጪው የተናገረው ነገር ጽሑፉን እንዳሻሻለው ወይም እንዳበላሸው ካላየ የአስተያየት ችሎታው አያድግም። ደራሲውም ማረምን በሌላ ጊዜ የሚሠራ ነገር ያደርገዋል፣ ያ ሌላ ጊዜ ደግሞ አይመጣም። ያው ጽሑፍ እንደሚመለስ ሁሉም ካወቀ ግን የመጀመሪያው ዙር ንግግር ራሱ ይለወጣል። «ይህን ነገር በአራት ሳምንት ሊሠራበት ይችላል ወይ?» ብሎ ማሰብ ይመጣል።

የጽሑፉ መጠን ለስድ ንባብ እስከ 3,000 ቃል፣ ለግጥም እስከ ሦስት ግጥም ቢሆን ይበቃል፤ ከአምስት ቀን በፊት ይላክ። ከዚህ የረዘመ ከሆነ አንባቢው በሩጫ ያነበዋል፣ አስተያየቱም ስለ መጀመሪያዎቹ ገጾች ብቻ ይሆናል። 3,000 ቃል ጮክ ብሎ ማንበብ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ በክፍል ውስጥ ሙሉው አይነበብም። ደራሲው የሚመርጠውን አንድ ገጽ ብቻ ያነባል። ያም የሚያስፈልገው ሁሉም ሰው ከአስተያየቱ በፊት የጽሑፉን ድምፅ እንዲሰማ ነው።

የሁለት ሰዓት ተኩል ክፍለ ጊዜ በግምት እንዲህ ይከፈላል። 15 ደቂቃ ከአንድ መነሻ ሐሳብ ተነስቶ መጻፍ፣ 20 ደቂቃ ፈቃደኞች ያነባሉ፣ 10 ደቂቃ ስለ አንድ ሙያዊ ነጥብ (ለምሳሌ ምልሰት፣ ማለትም ታሪኩ ወደ ኋላ የሚመለስበት ክፍል፣ የት እንደሚገባ) አጭር ትምህርት፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ለእያንዳንዱ ረቂቅ 35 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ ለቀጣዩ ሳምንት ዝግጅት። አሥር ደቂቃ ይተርፋል፤ እሱም አይተርፍም፣ መዘግየት ይበላዋል።

35ቱ ደቂቃ ውስጥ ሰዓት መጠበቅ የአመቻቹ ግዴታ ነው። 3 ደቂቃ ንባብ፣ 7 ደቂቃ አንባቢዎች አእምሯቸው ውስጥ የቀረውንና ሲያነቡ በውስጣቸው የሆነውን የሚናገሩበት፣ 8 ደቂቃ የደራሲው ጥያቄዎች፣ 8 ደቂቃ ገለልተኛ ጥያቄዎች፣ 6 ደቂቃ በፈቃድ የሚሰጥ አስተያየት፣ የመጨረሻው 3 ደቂቃ የደራሲው ነው። በዚያ ሦስት ደቂቃ «አመሰግናለሁ» ማለት አይበቃም፤ በቅድሚያ የሚሠራበትን አንድ ነገር ተናግሮ ይዘጋል። ለአንዱ ረቂቅ 50 ደቂቃ፣ ለሌላው 20 ደቂቃ ከሆነ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ሁለተኛው ደራሲ ጽሑፉ እንደተናቀ ይቆጥረዋል።

መነሻ ሐሳብም እንደ ዘበት የሚታይ ነገር አይደለም። «ስለ ነፃነት ጻፉ» ማንንም አያስጽፍም። «አንድ ሰው ሌላው ሰው ቤት ውስጥ መኖሩን ሳያውቅ አንድ ነገር ይሠራል፤ ያየው ሰው ይተርክ» ያስጽፋል። የሚይዙት ሰው፣ ቦታና ውጥረት አለውና። መነሻው ጠባብ ሲሆን ነው ብዕር የሚፈታው። ፈቃድም መጨመር አለበት፤ መነሻውን ትቶ በሌላ የሄደ ሰው አይጠየቅም።

አመቻቹ በር ከመከፈቱ በፊት የሚሠራው

ጥሩ አመቻች የሚለየው በንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ሥራ አስቀድሞ ያለቀ ነው። እያንዳንዱን ረቂቅ ሁለት ጊዜ ያነባል፤ መጀመሪያ ብዕር ሳይዝ፣ እንደ ማንኛውም አንባቢ፤ ቀጥሎ ብዕር ይዞ። የመጀመሪያውን ዘሎ በቀጥታ እርማት የገባ ሰው ጽሑፉ ምን ለመሆን እንደሚሞክር ሳያይ ስህተቱን ይቆጥራል። ከዚያ ለደራሲው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ይጽፋል። ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ በራሱ ቃል፣ የት በጣም ሕይወት እንዳለው፣ ለቀጣዩ ረቂቅ ሦስት ነጥብ፣ ከሦስት አይበልጥም። አሥራ አምስት ነጥብ የተሰጠው ሰው ቀላሉን ይመርጣል፤ ሥርዓተ ነጥቡን ያስተካክልና ከባዱን ይተወዋል።

ደብዳቤው ውስጥ ስለ ፊደል ግድፈትና ስለ ነጠላ ሰረዝ በመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ባይነሳ ይመረጣል። የሚቆረጥ ሊሆን የሚችልን አንቀጽ ማሳመር የጊዜ ብክነት ብቻ አይደለም። ያማረ አንቀጽ ለመቁረጥ ያሳሳል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው፤ መጀመሪያ ታሪኩ የማን ነው፣ ማን ይተርከዋል፣ የት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ትዕይንትና መቼት፤ ከዚያ ምልልስ፤ በመጨረሻ ዐረፍተ ነገርና ቃል።

ሌላው ቅድመ ዝግጅት ደራሲው ጥያቄውን እንዲያዘጋጅ መርዳት ነው። ጽሑፉ ሲላክ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ይላኩ። «ጥሩ ነው?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ አመቻቹ መልሶ ይጠይቃል፣ ምኑን ነው የተጠራጠርሽው? ከሁለት ልውውጥ በኋላ ጥያቄው «እህትየዋ እየዋሸች እንደሆነ በየትኛው ገጽ ላይ ነቃችሁ?» ወደሚል ይለወጣል። ይህ ጥያቄ ስምንት የተለያዩ የገጽ ቁጥሮች ያመጣል፣ ደራሲዋም ፍንጩ ቀድሞ መውጣቱን ወይም መዘግየቱን በግልጽ ታያለች።

ታዋቂ ደራሲ ጥሩ አመቻች ይሆናል ማለት አይደለም። ዝናው ተሳታፊ ይስባል፤ በስድስተኛው ሳምንት ግን ስምንቱም እንደ እሱ መጻፍ ከጀመሩ ወርክሾፑ ጎድቷቸዋል። አመቻቹ የራሱን ጣዕም ከሙያ መመዘኛ መለየት መቻል አለበት፤ «እኔ አጭር ዐረፍተ ነገር እወዳለሁ» ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው፣ አጭር ዐረፍተ ነገር ሕግ ነው ከሚል ይሻላል። ተሳታፊው አመቻቹ የማያውቀውን የአጻጻፍ ዘውግ ይዞ ሲመጣ ደግሞ፣ ዘውጉ አንባቢው ምን እንዲጠብቅ እንደሚያደርግ አመቻቹ ደራሲውን መጠየቅ ይገባዋል። የወንጀል ልቦለድ በሥነ ልቦና ልቦለድ ሚዛን ሲለካ ሁልጊዜ ጉድለት ይገኝበታል።

ክፍሉ ውስጥ የሚበላሹ ነገሮች

የመጀመሪያ ተናጋሪ ውይይቱን ይወስነዋል። እሱ ስለ ርዕሱ ካነሳ ቀጣዮቹ አራት ሰዎች ስለ ርዕሱ ይናገራሉ። መከላከያው ቀላል ነው፤ ከንባቡ በኋላ ማንም ሳይናገር ሁሉም ለሁለት ደቂቃ ማስታወሻ ይጻፍ፣ ተራውም በየጊዜው ከሌላ ሰው ይጀምር። ይህ ዝምተኞችንም ያወጣል። ዝምተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳብ ያጣ አይደለም፣ ፍጥነቱ ከክፍሉ የተለየ ነው፤ የተጻፈ ማስታወሻ ከያዘ ያነበዋል።

«እኔ ብሆን ልጁን እገድለው ነበር» የሚል ሰው በየወርክሾፑ አለ። ክፋት የለውም፣ ታሪኩ ይዞት ነው፤ ግን የሌላ ሰው መጽሐፍ መጻፍ ጀምሯል። አመቻቹ ማፈን የለበትም፣ ወደ ኋላ ይመልሰው፦ «ይህን እንድታስብ ያደረገህ የትኛው ቦታ ነው?» ያኔ «ከሆስፒታሉ ትዕይንት በኋላ ምንም የሚያሰጋ ነገር ስለሌለ» የሚል መልስ ይመጣል። ለደራሲው የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ውጥረቱ የት እንደረገበ አወቀ፣ መፍትሔው የራሱ ነው። አስተያየቶች እርስ በእርስ ሲጋጩም እንዲሁ ነው። ሦስት ሰው ትዕይንቱ ይጠር፣ ሁለት ሰው ይርዘም ካሉ ደራሲው ግራ ይገባዋል። አመቻቹ ግን አምስቱም አንድ ቦታ ላይ እንደቆሙ ያሳየዋል። እዚያ ጋ የሆነ ነገር አለ፤ ምናልባት ትዕይንቱ የማን እንደሆነ አልታወቀም።

ሁሉም የሚዋደድበት ቡድን የራሱ ሕመም አለው። በሦስተኛው ወር ገደማ ማንም ማንንም ላለማስከፋት ሲጠነቀቅ ምስጋናው ባዶ ይሆናል፣ ደራሲውም ያውቀዋል። መድኃኒቱ ምስጋናን መቀነስ አይደለም፤ ቦታውን እንዲያመለክት ማስገደድ ነው። «ቋንቋው ያምራል» ሲባል «የትኛው ስንኝ? ምን አደረገብህ?» ይባል። ስንኙን የጠቀሰ ምስጋና ደራሲው የማያውቀውን ጉልበቱን ያሳየዋል፤ ጀማሪ ድክመቱን እንጂ ጥንካሬው የት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያውቅም።

የሚያመው ጉዳይ ሲመጣ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔነቤከርና ባልደረባው በ1986 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ስለ ከባድ ገጠመኛቸው በቀን 15 ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት ጻፉ። ገጠመኙንና ስሜታቸውን አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ፤ ወዲያው ከጻፉ በኋላ ግን ስሜታቸው ከበፊቱ ከፍቶ ነበር። እነሱ ደግሞ ለብቻቸው ነው የጻፉት፣ በሰው ፊት አላነበቡም። ስለዚህ ወርክሾፕ መጻፍን እንጂ ማንበብን ማስገደድ የለበትም። «አሳልፉኝ» ያለ ሰው ያለ ምክንያት ይታለፍ። ያነበበ ሰው ካለቀሰ አመቻቹ ክፍሉን ወደ ምክር መስጫ አይለውጠው፤ ትንሽ ጊዜ ይስጥ፣ ደራሲው አስተያየት አሁን ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቅ፣ ከክፍሉ በኋላ ለብቻው ያናግረው፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ የሚያስፈልግ ከመሰለውም በግልጽ ይናገር። አመቻች ሐኪም አይደለም፤ ልኩን ማወቁም ራሱ ድጋፍ ነው።

ረቂቁን ሳይልክ የቀረ ሰው ሳምንቱን ብቻ ሳይሆን ወርክሾፑን ሊያቋርጥ ነው። ሐፍረቱ በፍጥነት ያድጋልና ያን ዕለት ይደወልለት። የሚጠየቀው ሙሉ ረቂቅ አይሁን፤ አንድ ገጽ፣ ያልጨረሰውም ቢሆን፣ ከአንድ ጥያቄ ጋር ያምጣ።

በመስመር ላይ፣ ከማሽን ጋር

ከ2020 ወዲህ ብዙ ወርክሾፖች በኢንተርኔት መካሄድ ለምደዋል። ርቀትን ማሸነፉ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ንድፉን እንዳለ መገልበጥ አይሠራም። በስክሪን ላይ ማን ሊናገር እንደተዘጋጀ በገጽታ ስለማይታወቅ ተራው በስም መጠራት አለበት። ቡድኑ ወደ ስድስት፣ ጊዜው ወደ 90 ደቂቃ ቢወርድ፣ በየሳምንቱም አንድ ረቂቅ ብቻ ቢታይ ድካሙ ይቀንሳል። ረቂቁ በጋራ ሰነድ ላይ ከተጫነ የአስተያየት መጻፊያው እስከ ስብሰባው ድረስ ይዘጋ። አለዚያ ዘግይቶ የሚያነበው ሰው ጽሑፉን ሳይሆን የቀደሙትን ሰዎች አስተያየት ያነባል።

አዲሱ ጥያቄ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በሰከንዶች አስተያየት የሚሰጥ ማሽን እያለ ስምንት ሰው ለምን አምስት ቀን ይጠበቃል? ማሽኑ የሚችለውን መካድ አያስፈልግም። የገጸ ባሕርይዋ ዕድሜ በሁለት ምዕራፍ መለያየቱን፣ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ስድስት ጊዜ መደጋገሙን ሊጠቁም ይችላል። ነገር ግን አልሰለቸውም፣ አልሳቀም፣ ሐሳቡ አልሄደም፤ የኤልቦው ዓይነት ምስክርነት ሊሰጥ አይችልም። በተጨማሪም ለጠያቂው ማጎብደድ ይቀናዋል፤ ሲያርም ደግሞ ያልተለመደውን አገላለጽ ወደ ተለመደው ይስበዋል፣ ለፈጠራ ጽሑፍ ይህ አደገኛ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ «ያ ትዕይንት ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠብቅም እሱ አይደለም። ወርክሾፑ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ደንብ ያውጣ፦ የሌላን ሰው ረቂቅ ያለ ፈቃዱ ወደ ማሽን ማስገባት ክልክል ነው፤ ለባልደረባ የሚሰጥ አስተያየትም በራስ ንባብ የተገኘ ይሁን።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ከአዘጋጁ ሊያገኛቸው የሚገቡ መልሶች ጥቂት ናቸው። ስንት ሰው ይሳተፋል? የእኔ ጽሑፍ ስንት ጊዜ ይታያል፣ የታረመውስ ይመለሳል? አመቻቹ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣል ወይስ በቃል ብቻ? በክፍሉ ውስጥ አብሮ ይጽፋል? የተነበበው ከክፍሉ እንዳይወጣ ምን ስምምነት አለ? መጀመሪያ ላይ የሚያቋርጥ ሰው ክፍያው ይመለስለታል? ከሁሉ ይልቅ ሁለተኛው ጥያቄ ይመዝናል። ጽሑፉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይበት ወርክሾፕ በዋጋ ቢረክስም፣ የአመቻቹ ስም ቢገዝፍም፣ ሁለት ጊዜ የሚታይበትን፣ ስሙ ያልታወቀ አመቻች የሚመራውን ወርክሾፕ መምረጥ ይሻላል።